ቀን የተቆረጠለት ወንበር፦ የሐዋሳ ማስታወሻ

ሐሙስ

ከቃሊቲ የተነሳነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ፈጣን መንገድ እስከ ባቱ አንሸራትቶ አደረሰን። ከዚያ በኋላ ያው የድሮው መንገድ ነው። ጋሪው፣ ከብቱ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሄዳል።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወፍራም ደብተር አለ። ሐዋሳ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኗን ለሚያነቡ ወጣቶች ትከፍታለች። «መጥተሽ ስለ ሽግግር አጫውቺን» አለችኝ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አምባገነን መንግሥት እንዴት ወደ ዴሞክራሲ ይሻገራል የሚለውን ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይጠይቁኛል። በየዓመቱ እመልሳለሁ። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ ይጎረብጠኛል።

የአምባገነን መውደቅና የዴሞክራሲ መምጣት ለየቅል ናቸው። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ጊዜ «አዲስ ዘመን መጣ» ተብሎልናል፤ በ1966፣ በ1983 እና በ2010። የሚከብደው በመውደቁና በመምጣቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ደብተሬን የሞላሁት ስለዚያ ጊዜ ነው።

አርሲ ነገሌ ላይ ሹፌሩ ለቁርስ አቆመ። ታፔላውን ሳነብ ሌላኛው ነገሌ ትዝ አለኝ። ነገሌ ቦረና ያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። ጥር 4 ቀን 1966 እዚያ የሰፈረው ጦር አመፀ። ነገሩ የውሃ ጉዳይ ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም አሉ። ከአዲስ አበባ የምድር ጦር አዛዡ ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ለማብረድ ተላኩ። ወታደሮቹ ያዟቸው። እነሱ የሚበሉትን አብልተው፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። በስምንት ወሩ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ሐዋሳ ስንገባ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የጓደኛዬ አባት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ቤቱ ትንሽ ሽር ጉድ ይላል። ለካ እሑድ የሰፈሩ እድር ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ ጋሼ ከስድስት ዓመት በኋላ ሊቀመንበርነቱን ያስረክባሉ። «በጥሩ ቀን መጣሽ» አሉኝ።

ዓርብ

ጠዋት ከጋሼ ጋር አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆች ጉልበታቸው ላይ ጣውላ ዘርግተው ቆሮሶ አሳ ይገፋሉ። ቢላው ከጅራት ይነሳና በአንድ ስበት እስከ ጭንቅላት ይደርሳል፤ ሥጋው ወደ ሳህን፣ አጥንቱ ወደ ኋላ። ከኋላ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመዋል። ቁመታቸው የልጆቹን ደረት ይደርሳል። አጥንቱ መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል።

የአሳ ሾርባና ጥብስ በዳጣ አዘዝን። ጋሼ ደብተሬን አዩና «እስቲ አንዱን ንገሪኝ» አሉ። ፖርቱጋልን ነገርኳቸው።

ፖርቱጋል 48 ዓመት በአምባገነን ተገዝታለች። አንጎላ፣ ሞዛምቢክና ጊኒ ቢሳው ውስጥ 13 ዓመት ስትዋጋ ኖራ ሠራዊቷ ተሰላቸ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1974 ወጣት መኮንኖች መንግሥቱን ገለበጡ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 17 ቀን 1966 ማለት ነው። ሕዝቡ ወጥቶ በጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ አበባ ሰካላቸው።

ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «የኛው ዓመት!»

አዎ፣ የኛው ዓመት። ደርግ የተቋቋመው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ፣ ሰኔ 21 ቀን ነው። እዚያም እዚህም የበታችና የመካከለኛ መኮንኖች ናቸው። እዚያም እዚህም ነገሩ የጀመረው በሠራዊቱ የኑሮና የሹመት ቅሬታ ነው። እዚያም እዚህም ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ልዩነቱ ግን አለ። የፖርቱጋሎቹ መኮንኖች ገና ከመነሻው ያወጡት ፕሮግራም «በአንድ ዓመት ውስጥ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ ይመረጣል» ይላል። ቀን ቆረጡ ማለት ነው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1975፣ ምርጫው ተካሄደ። ከ100 ተመዝጋቢ ከ90 በላይ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ።

ያ ዓመት ሰላም ነበር ማለት አይደለም። መጋቢት ላይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነበር። ምርጫው ካለፈ በኋላም ኅዳር ላይ ሌላ ሙከራ መጣ። ወታደሮቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው አልሄዱም፤ የአብዮት ምክር ቤታቸው እስከ እ.ኤ.አ. 1982 ድረስ ከመንግሥቱ ጎን ተቀምጧል። ነገር ግን የተቆረጠው ቀን አልታጠፈም። ምርጫው ከተካሄደ በኋላ ማን ስንት ደጋፊ እንዳለው በቁጥር ታወቀ። ከዚያ ወዲያ «ሕዝቡ ከኔ ጋር ነው» ብሎ ጠመንጃ መምዘዝ ከበደ።

ጋሼ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አጫወቱኝ።

«በ1966 ይርጋለም 11ኛ ክፍል ነበርኩ። <ያለ ምንም ደም> እያልን ጮኸናል። ከልባችን ነበር። በ1967 ኅዳር ላይ ስድሳው ባለሥልጣናት መገደላቸውን ሬድዮ ሲናገር እናቴ ተነስታ ሬድዮውን በነጠላዋ ሸፈነችው። አላጠፋችውም፣ ሸፈነችው። እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የኛዎቹ ምን ተባሉ? ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ። ጊዜያዊ! እስከ መቼ የሚል ግን የለበትም።»

እውነታቸውን ነው። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከስሙ ላይ የተነሳው መስከረም 1980 የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) መንግሥት ሲመሠረት ነው። 13 ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ! በመካከሉ ያለቀውን ወጣት ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል። ደብተሬ ላይ «ቀን የሌለው ጊዜያዊ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ።

ስንመለስ ጋሼ ስለ ሉዋ ነገሩኝ። ሉዋ የሲዳማ የዕድሜ እርከን ሥርዓት ነው። አምስት እርከን አለው፤ ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳ፣ ሞጊሳ። አንዱ ተራውን ሲጨርስ ለሚቀጥለው ያስረክባል። መሪው ጋዳና ይባላል። «ጋዳናው የሚለቅበትን ጊዜ ሲሾም ጀምሮ ያውቃል፤ ከብት የሚጠብቀው ልጅም ያውቃል» አሉ።

ማታ ቡርሳሜ እየበላን ይህንኑ ሳነሳ የጓደኛዬ እናት ከጓዳ ብቅ አሉ። «ሴት ግን ሉዋ ውስጥ የለችም። እሱንም ጻፊው። እኛ ሲቆ በትራችንን ይዘን፣ ያካ በሚባለው የሴቶች ኅብረታችን ወጥተን ነው መብታችንን ስናስከብር የኖርነው።» ጻፍኩት። ተራ መጠበቅ ብቻውን ዴሞክራሲ አይደለም። ተራው ውስጥ ማን ተቆጠረ የሚለውም አለ።

ቅዳሜ

ወጣቶቹ አሥራ አራት ሆነው መጡ። ጓደኛዬ ቡና አቀረበች። ሁለቱ ከሥራ በቀጥታ የመጡ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሌሎቹ ተማሪዎች። እኔ ብዙ እንደማወራ አስቤ ነበር። ብዙ ያወሩት ግን እነሱ ናቸው።

በቺሊ ጀመርኩ። ጄኔራል ፒኖቼ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥልጣን በጉልበት ያዘ። በ1980 ራሱ ባስጻፈው ሕገ መንግሥት ውስጥ ከስምንት ዓመት በኋላ ሕዝቡ «ይቀጥል» ወይም «አይቀጥል» ብሎ እንዲወስን ቀን ተቆረጠ። ያኔ ስምንት ዓመት ሩቅ ነው። ቀኑ ግን ደረሰ። ተቃዋሚዎች መጀመሪያ ተከፋፈሉ፤ «የአምባገነን ጨዋታ ነው፣ አንገባም» ያሉ ብዙ ነበሩ። በመጨረሻ ከአሥር የሚበልጡ ፓርቲዎች ተባብረው ሰዉን ቤት ለቤት አስመዘገቡ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1988 ከ100 ድምፅ ሰጪ 56ቱ «አይቀጥል» አለ።

«ታዲያ ለምን አላጭበረበረም?» አለ ባጃጅ ነጂው። ልክ የሚጠየቀውን ጠየቀ።

ተቃዋሚዎቹ በየጣቢያው ታዛቢ አስቀምጠው የራሳቸውን ቆጠራ ያካሂዱ ነበር። መንግሥት ውጤቱን ሲያዘገይ እነሱ ቁጥሩን ይዘዋል። የአየር ኃይል አዛዡ ፈርናንዶ ማቴይ ደግሞ ያን ምሽት ቤተ መንግሥት ሲገባ ለጋዜጠኞች «አይቀጥልም የሚለው ማሸነፉ ለእኔ ግልጽ ነው» የሚል ቃል ሰጠ። ከራሱ ወገን የሆነ አንድ ሰው እውነቱን ካወጣው በኋላ ነገሩ አበቃ። ቀን መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። ቀኑ ሲደርስ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ ከውስጥም እምቢ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ሱዳንን አነሳሁ። ይኸው ጎረቤታችን ናት፤ ለሁላችንም ቅርብ ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ሕዝቡ በባዶ እጁ አልበሽርን አወረደ። ወታደሩና ሲቪሉ ሥልጣን ለመካፈል ተፈራረሙ። መጀመሪያ ጄኔራሉ ይመራል፣ ከዚያ ወንበሩ ለሲቪል ይተላለፋል ተባለ። ቀን ተቆርጦለታል። ያ ቀን ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጥቅምት 25 ቀን 2021 ጄኔራሎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አሰሩ። ሚያዝያ 2023 ደግሞ ጄኔራሎቹ እርስ በርስ ተዋጉ። ካርቱም ምን እንደሆነች ሁላችንም አይተናል። እነዚያ ሰዎች ወንበሩን ቢለቁ ፍርድ ቤት ይጠብቃቸዋል፤ በእጃቸው ያለው ንግድና ወርቅም ይወሰዳል። የሚፈራ ሰው ቀን አያከብርም።

ከዚያ ቤኒንን ነገርኳቸው፤ ሁልጊዜ ልቤን የምታሞቀው ምሳሌ ናት። ማቲዩ ኬሬኩ እንደ ደርግ ማርክሲስት ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥቱ ደሞዝ መክፈል አቃተው፤ ሰው ሁሉ አድማ መታ። የካቲት 1990 ላይ ኮቶኑ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ብሔራዊ ጉባኤ ተጠራ። ሰብሳቢው ጳጳሱ ኢሲዶር ደ ሱዛ ነበሩ። ጉባኤው «የበላዩ ሥልጣን የእኛ ነው» ብሎ ወሰነ። ኬሬኩ ተቀበለ። ለግሉ ከክስ ነጻ መሆን ተሰጠው። በዓመቱ ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ቤቱ ገባ። በ1996 ተመልሶ ተወዳደረና በምርጫ አሸነፈ። ዛሬ ቤኒንም እንደ ድሮዋ አይደለችም፤ በ2019 ተቃዋሚ ያልተሳተፈበት የፓርላማ ምርጫ አድርጋለች። ቢሆንም የተሸነፈ ሰው ቤቱ ማደር ከቻለ፣ ነገ ተመልሶ መወዳደር ከቻለ፣ ወንበሩን መልቀቅ ሞት መሆኑ ይቀራል።

ከጥግ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው።

«ገዳዩ ዋስትና ከተሰጠው ሟቹ ምን ተሰጠው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የጀበናው መንተክተክ ብቻ ይሰማል። ይህን ጥያቄ መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

የምችለውን መለስኩላት። ቺሊዎች ብዙ ከፍለዋል። ፒኖቼ እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ የጦሩ አዛዥ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነ። የተያዘውም በራሱ አገር ሳይሆን ለንደን ላይ ነው። ስፔኖች በ1977 የምሕረት አዋጅ አውጥተው የአምባገነናቸውን የፍራንኮን ዘመን በደል ዘጉት፤ የልጅ ልጆች ዛሬም የአያቶቻቸውን አጥንት ይቆፍራሉ። ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ ሞከረች። ምሕረት የሚፈልግ ሰው ራሱ መጥቶ፣ የተበዳዩ ቤተሰብ ፊት፣ ያደረገውን ሙሉ በሙሉ ይናገር አለች። ከ7,000 በላይ ሰው አመለከተ፤ የብዙዎቹ ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። ከሁሉም የእኔ ልብ ወደዚህኛው ያደላል። ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ሕይወቱ፣ ቤቱ፣ ድምፅ የመስጠት መብቱ ይጠበቅለት። ዝምታ ግን አይጠበቅለት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። መስማማቷ ይሁን አለመስማማቷ ገና አላወቅሁም።

ባጃጅ ነጂው ወደ ቤታችን መለሰን። «ቀን ሲታለፍስ? እኛ እናውቀዋለን፤ 11/11/11» አለ።

ለማያስታውስ ልንገር። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ሐምሌ 2010 የክልልነት ጥያቄውን አቀረበ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ይላል። ዓመቱ የሚሞላው ሐምሌ 11 ቀን 2011 ነበር፤ 11ኛው ቀን፣ 11ኛው ወር፣ 11 ዓመተ ምሕረት። ቀኑ ምርጫው ሳይካሄድ አለፈ። ግጭት ተነሳ፤ ሰው ሞተ፤ ንብረት ወደመ። ከአራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012፣ ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ። ሰዉ ከሌሊቱ ጀምሮ ተሰለፈ። ክልልነትን የሚደግፍ ሻፌታ የተባለውን ባህላዊ የምግብ ሳህን ምልክት መረጠ፤ 98.5 በመቶው ያንን መረጠ። ሰኔ ላይ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ።

«በአራት ወር ልዩነት ያው ሰው ነው» አለ ልጁ። «ሐምሌ ላይ መንገድ ዘጋ፣ ኅዳር ላይ ተራ ያዘ። በኅዳር ካርድ በእጁ ነበረው።»

ከዚህ በላይ የምጨምረው አልነበረኝም።

ከሰዓት ጋሼ ሎቄ ድረስ ወሰዱኝ። ግንቦት 16 ቀን 1994 የሐዋሳን አስተዳደር ጉዳይ በሰላም ሊጠይቁ የወጡ ሰዎች እዚህ በጥይት ተመትተዋል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። የልጅቷ ጥያቄ እዚያም ተከትሎኝ መጣ። በመንገድ ላይ አላወራንም።

እሑድ

የእድሩ ጉባኤ በግቢው ዋርካ ሥር ነው። ከመቶ በላይ አባል መጣ። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን አነበበ፤ ኦዲተሩ አረጋገጠ። ከዚያ ዕቃ ቆጠራ ሆነ። ሁለት ድንኳን። አራት ብረት ድስት። ወንበር 120፤ ሰባቱ እግራቸው የተሰበረ። አንዲት እናት «ሰባቱ መቼ ተሰበሩ?» ብለው ያዙ። ጋሼ ደብተራቸውን ገልጠው እያንዳንዱ በማን ለቅሶ ላይ እንደተሰበረ አነበቡ። ማንም አልሳቀም። ሒሳብ ነው።

የመተዳደሪያ ደንቡ ሊቀመንበር ከሁለት ዙር በላይ አያገለግልም ይላል። ዙሩ ሦስት ሦስት ዓመት ነው። ምርጫው ሊጀመር ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሱ።

«እኔ የምለው፣ እሳቸው ይቀጥሉልን። እሳቸው ከመጡ ወዲህ የአንድ ሰው ለቅሶ አልተጓደለም። ደንብ የሰው ሥራ ነው፤ እናሻሽለው።»

አጨበጨቡ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ጓደኛዬን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። እስካሁን ሁሉ ሳስብ የኖርኩት ወንበር ስለሚይዘው ሰው ነው። «ቆዩልን» የሚለውን ሕዝብ አላየሁትም ነበር። ሰዉ ክፋት የለውም፤ የወደደውን ሰው ነው ሊያስቀር የፈለገው።

ጋሼ ተነሱ። እጃቸው በትሩ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ስለ ፍቅራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደንቡን ለኔ ብላችሁ ዛሬ ካፈረሳችሁት፣ ነገ ለሚመጣው በምን ትከለክሉታላችሁ? እኔ ስገባ የምወጣበትን ቀን አውቄ ነው የገባሁት። ቀኑ ዛሬ ነው።»

ተቀመጡ። ሽማግሌውም ቅር እያላቸው ተቀመጡ።

ሦስት ዕጩ ቀረበ። በወረቀት ተመረጠ፤ ወረቀቱ ጨርቅ በተሸፈነ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ሁለት ልጆች ጮክ ብለው ቆጠሩ። በአሥራ አንድ ድምፅ ልዩነት አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ አሸነፈች። በእድሩ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀመንበር ናት። የተሸነፈው ሰው ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ። ከዚያ ሄዶ ጨበጣት። ምክትል እንዲሆን ጠየቀችው። «ላስብበት» አለ።

ርክክቡ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ማኅተሙ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የደረሰኝ ጥራዙ፣ በክር የታሰሩ አራት ቁልፎች። ጋሼ እያንዳንዱን በእጃቸው አንስተው ሰጧት፤ እሷም እያንዳንዱን ፈረመች። የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ዝጎ ስለነበር ክሩ ላይ ቡናማ ምልክት ትቷል። የጓደኛዬ እናት ከጓዳ በር ሆነው ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሲቆ በትራቸው በእጃቸው ነበር።

ሰኞ

በ11 ሰዓት ተኩል የጋሼ ስልክ ጮኸ። ገና አልነጋም። ሳሎን ተኝቼ ስለነበር ሰማሁ። ከታችኛው ሰፈር አንድ አባት ሌሊት አርፈዋል። ድንኳን ይፈለጋል።

ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው ሳሎን መጡ። ከልምድ የተነሳ እጃቸውን በር አጠገብ ወዳለው ሚስማር ሰደዱ። ቁልፉ ስድስት ዓመት የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። ሚስማሩ ባዶ ነው። ለትንሽ ጊዜ እዚያው ቆሙ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ወደ ስልኩ። «ቁልፉ እኔ ጋ የለም ልጄ። ቁጥሯን ልስጥህ፤ ጻፍ።»

ቁጥሯን እየቆጠሩ ሰጡት። ከዚያ ጫማቸውን አድርገው፣ እንደ ማንኛውም የእድር አባል፣ ወደ ለቅሶው ወጡ።